በሁለት አሸዋ ወንዞች መካከል

ከድሬዳዋ ኤረር ሩቅ አይደለም። ከዚራ ካለው ቤታችን ቁርስ በልቶ የተነሳ ሰው ምሳውን ኤረር ይበላል። ያም ሆኖ እኔ ድሬ ተወልጄ፣ ድሬ ተድሬ፣ ሁለት ልጅ ወልጄ እስካሳድግ ድረስ ሄጄ አላውቅም ነበር። ለብዙዎቻችን በረሃው ባቡርና ከባድ መኪና የሚያልፍበት፣ ነፋሱ አቧራ የሚልክልን ቦታ ነው እንጂ ልጅ ይዞ የሚኬድበት አይደለም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ላልሄዱት ነው። ሂዱ ለማለትም፣ ቅሩ ለማለትም አይደለም። ፈርቼ ሄጄ ፈርቼ ተመልሻለሁና የሆነውን ልናገር።

ሐሳቡ የባለቤቴ የዳንኤል ነው። ዳንኤል የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ድሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። በደንብ የታቀደ ነገር ሁሉ ይሳካል ብሎ ያምናል። ለወራት በስልኩ የውጭ አገር ቤተሰቦች በረሃ ውስጥ ድንኳን ተክለው ሲያድሩ ሲያይ ከረመና፣ አንድ ቀን ከታይዋን ገበያ አረንጓዴ ድንኳን ገዝቶ መጣ። የልጆቹ የግማሽ ዓመት እረፍት የካቲት ላይ ነው፤ ሙቀቱ ገና አልበረታም፣ የዝናብ ጊዜም አይደለም አለ። ከኤረር ወዲያ ያሉትን ጥቋቁር ተራሮች መርጦ፣ መንገዱን የሚያውቁ ሾፌሮችን ጠይቆ ጨርሷል።

እኔ ግን የልጅነት ነገር አለብኝ። ድሬን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የመጣ ጊዜ ቤታችን ከወንዙ ብዙ አይርቅም ነበር። የግቢያችን አጥር ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የምትማር የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ቀን በኋላ አላየኋትም። ከዚያ ወዲህ ደረቅ ወንዝ ስሻገር እግሬ ሳላስበው ይፈጥናል። ይህን ዳንኤል ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ልጆቹ በድንኳኑ ስለተደሰቱ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ።

ዓርብ

መኪናው የዳንኤል የሥራ ባልደረባ ያዋሰን አሮጌ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነው። ውሃ በጀሪካን፣ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ከሰል፣ ድስትና ፍራሽ ጫንን። እኔ ከልብስ ማስጫው ላይ ወፍራሙን ገመድ ፈትቼ ከወንበር ሥር ከተትኩ። ልጃችን ኤልያስ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ካርታውን በስልክ እያየ ከፊት ተቀመጠ። ብሌን ስድስት ዓመቷ ነው፤ እሷ ከኋላ እኔ ላይ ተደግፋ ገና ከከተማ ሳንወጣ ደርሰናል ወይ ማለት ጀመረች።

ከከዚራ ዛፎች ጥላ ሲወጡ ሰማዩ ድንገት ይሰፋል። በግራችን እስከ ሐረር የሚሄዱት ተራሮች ቆመዋል፤ በቀኛችን ግን ዓይን የሚይዘው ነገር የለም። አሮጌው የባቡር ሐዲድ አንዴ ቀርቦን አንዴ ርቆን አብሮን ይሄዳል። ድሬ ውስጥ ሙቀት ሲብስብን ጥላ እንለውጣለን፤ እዚህ የሚለወጥ ጥላ የለም። ኬላው ላይ ያለው ጠባቂ መታወቂያችንን አይቶ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀ። ዳንኤል ለመዝናናት ብሎ መለሰ። ጠባቂው ልጆቹን አየና ውሃ ይዘን እንደሆነ ብቻ ጠይቆ ገመዱን አወረደልን። ሌላ ነገር ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ሁርሶን አልፈን ብዙም ሳንሄድ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ዳንኤል ክሪኩን ሲያስገባ መሬቱ ልል ስለሆነ መኪናውን ከማንሳት ይልቅ ክሪኩ ራሱ ወደ ታች ሰመጠ። ሁለተኛ ሞከረ፤ ያው ሆነ። ብሌን ውሃ ጠጣች፣ ደግማ ጠየቀች። እኔ ጀሪካኖቹን በዓይኔ መለካት ጀመርኩ። ከዚያ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ማንም ሳያስቆመው ቆመ። ሾፌሩ ከወንበሩ ኋላ ጣውላ አውጥቶ ከክሪኩ ሥር አነጠፈ፣ ጎማውን ከዳንኤል ጋር ቀየረ፣ ለልጆቹ ቴምር ሰጠና ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። ትርፍ ጎማችን መንገዳችን ገና ሳይጋመስ አለቀ ማለት ነው። ዳንኤል የተነፈሰውን ኤረር ላይ እናስለጥፋለን አለኝ።

ኤረር ስንደርስ ግን ልቤ ትንሽ ተመለሰ። በረሃው መካከል ማንጎና ብርቱካን አለ። ልጆቼ ብርቱካን ዛፍ ላይ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ለእነሱ ብርቱካን ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ጋሪ ላይ የሚበቅል ነው። አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ሩዝ በፍየል ሥጋ አመጡልን፤ ከጎኑ እንደ ድሬዎቹ ሙዝ አለው፣ በርበሬው ግን ከድሬው ይበረታል። ጎማውን አስለጠፍን። ልጆቹ የኤረር ፍልውሃ ውስጥ እግራቸውን ነክረው ጮኹ።

ያደርንበት ቤት ባለቤት ሁሉም ሰው ሐጂ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ክፍሉ ስለሚሞቅ አልጋዎቹን ግቢ ውስጥ አወጡልን፤ በሙቀት ወራት መጋላ ውስጥ ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው። ወዴት እንደምንሄድ ሲሰሙ ዳንኤልን አልከለከሉትም። ተራሮቹ ጋ ለመድረስ ሁለት አሸዋ ወንዝ እንደምንሻገር፣ ሁለቱም ደረቅ እንደሆኑ ነገሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

«ተራራው ላይም እደሩ፣ ሜዳው ላይም እደሩ፤ አሸዋው ላይ ብቻ እንዳታድሩ» አሉኝ።

ቅዳሜ

የመጀመሪያውን ወንዝ በቀላሉ አለፍን። በእሱና በሁለተኛው መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ እዚያ በእሾህ አጥር የታጠሩ ጥቂት የሶማሌ ጎጆዎች አየን። የሁለተኛው ወንዝ አሸዋ የበለጠ ጥልቅ ነበር፤ መኪናው ጮኸ፣ ዳንኤል ግን አወጣው። ከዚያ ወዲያ ጥቋቁሮቹ ተራሮች ናቸው። ከሩቅ ጥላ የሚመስሉት ሲቀርቡ የተቃጠለ ድንጋይ ናቸው። እንደ ሐረር ተራራ ጫትና ማሽላ የለባቸውም፣ ሰው የለባቸውም። ስልኮቻችን ኔትወርክ ካጡ ቆይተዋል።

ዳንኤል ድንኳኑን ሊተክል የፈለገው አሁን በተሻገርነው ወንዝ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ግራር ሥር ነበር። እውነቱን ለመናገር ቦታው ያምራል። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ጥላ አለው፣ ነፋስ አይነካውም። ሰማዩ አንድ ቁራጭ ደመና የለበትም። እኔ ግን ከመኪናው አልወርድም አልኩ። ሐጂ ያሉትን አስታወስኩት። ዳንኤል ዝናብ ከየት ይመጣል ብሎ ሊከራከር ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። መኪናውን አስነስቶ ከወንዙ በላይ፣ ተራራው ግርጌ ወዳለ ድንጋያማ ደልዳላ ወጣን።

እዚያ ድንኳን ለመትከል መጀመሪያ ድንጋይ መልቀም ያስፈልጋል። አራታችንም ገባንበት። ኤልያስ ትልልቁን፣ ብሌን ትንንሹን ያነሳሉ። ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ብሌን ጮኸች።

የያዘችው ድንጋይ ከእግሯ ሥር ወድቋል፤ አንድ ቢጫ ጊንጥ ጭራውን ሰቅሎ ወደ ሌላ ድንጋይ ሥር ሲገባ አየሁ። የቀኝ እጇን ጣት ነው የነደፋት። አለቃቀሷ የወደቀ ልጅ አለቃቀስ አልነበረም። ዳንኤል እጇን በውሃ አጠበ፣ እንዳይንቀሳቀስ በሻርፔ አሰርነው። ትንሽ ቆይታ ላብ አጠመቃት፣ ምራቋ በአፏ መውረድ ጀመረ፣ ከዚያ አስመለሳት። ምላሴ ደነዘዘ አለች። በዚያ ጊዜ ድንኳኑን እንደ ተዘረጋ ትተን፣ ያለውን ወደ መኪናው ወርውረን ተነሳን።

አሸዋው ላይ ብናርፍ ኖሮ ድንጋይ አናነሳም ነበር። ይህን ዳንኤል አላለኝም፤ እኔ ግን መኪናው ውስጥ ልጄን አቅፌ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ዳንኤል ቸኩሎ ገባ። መሐል ላይ የኋላ ጎማዎቹ ባዶ መዞር ጀመሩ፤ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር እየሰመጠ ሄዶ መኪናው በሆዱ ተቀመጠ። ወርዶ በእጁና በድስት ክዳን መቆፈር ያዘ። ኤልያስም አብሮት። እኔ ቀና ስል ከወንዙ በላይ በስተደቡብ ያሉት ተራሮች ጠፍተዋል። ጠዋት ከነቅርጻቸው ይታዩ የነበሩት ተራሮች በጥቁር ደመና ተሸፍነው፣ ውስጡ ብልጭ ይላል። ከላያችን ያለው ሰማይ ግን አሁንም ሰማያዊ ነው። ደቻቱም የመጣው እንደዚህ ነበር፤ ከተማው ላይ ሳይሆን ተራራው ላይ ዘንቦ።

ዳንኤልን መኪናውን ተወው አልኩት። የሰው መኪና ነው፣ ያለ መኪና ልጅቷን እንዴት እናደርሳለን አለኝ። እሱም ልክ ነበር። ብሌንን ጀርባዬ ላይ አዝዬ፣ ኤልያስን በእጄ ይዤ ወደ ጎጆዎቹ አቅጣጫ አሸዋውን ተሻገርኩ። እግሬ በገባ ቁጥር አሸዋው ይይዘኛል። ወደ ኋላ ላለማየት እየሞከርኩ አየሁ፤ ባለቤቴ ተንበርክኮ ይቆፍራል።

የወንዙ አፋፍ ላይ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ፍየሎቻቸውን ከወንዙ እያስወጡ ነበር። በልጅነቴ ከሰፈር ልጆች የለቀምኳትን ሶማሊኛ ጠርቼ ጊንጥ የሚለውን ቃል ግን አጣሁት። ብሌንን አዙሬ እጇን አሳየኋት። ሴቲቱ አንዴ አይታ በአማርኛ፣ «ስጪኝ፣ ዋላል» አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው። ኤረር ወተት ስትሸጥ፣ አንዳንዴም ድሬ ስትመላለስ የለመደችው አማርኛ ነው። ስሟ ኻድራ ነው፤ ሰውዬው ባሏ ዋይስ ነው።

ዋይስ መኪናውን አየ። ወደ ጎጆዎቹ ተጣርቶ ሁለት ሰዎች መጡለት፤ የእሾህ ቅርንጫፍ ጎትተው ወረዱ። እኔ ከወንበር ሥር ገመድ እንዳለ ጮኼ ነገርኳቸው። ኻድራ ወደ ተራራው እየጠቆመች «ሮብ፣ ሮብ» ብላ ለዳንኤል ጮኸች። ዳንኤል ከሥራው ቀና ብሎ፣ «ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ» አላት። በሶማሊኛ ሮብ ዝናብ እንደሆነ አያውቅም። አሁን ስናወራው እንስቃለን። ያኔ አንዳችንም አልሳቅንም።

ቅርንጫፉን ከጎማው ሥር አንጥፈው፣ ገመዱን ከፊት አስረው፣ ሦስቱ እየጎተቱ ኤልያስ ከእጄ አምልጦ ወርዶ ከኋላ እየገፋ መኪናው ተነቃነቀ። አፋፉ ላይ ወጥቶ ሲቆም እጄን ከአፌ ላይ አነሳሁ፤ ነክሼው ኖሯል።

ዳንኤል ብሌንን ተቀብሎ ወደ ኤረር ሊነዳ ሲል ዋይስ በሩን ያዘ። አስቀድሞ አንድ ሰው ወደ መጀመሪያው ወንዝ ልኮ ነበር፤ ሰውዬው እየሮጠ መጥቶ ያኛው ሞልቷል አለ። ብዙም ሳይቆይ የእኛኛውም መጣ። መጀመሪያ ድምፁ፣ ከባድ መኪናዎች ተከታትለው ኮረኮንች ላይ እንደሚሄዱ። ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ቅርንጫፍና አረፋ እየገፋ፣ መኪናው ሰምጦበት የነበረውን ጉድጓድ ሞላው። ዳንኤል ጠዋት ድንኳን ሊተክል ወደፈለገበት ግራር አየ፤ ግንዱ ግማሹ ድረስ ውሃ ውስጥ ነው። ልጃችን በጊንጥ ተነድፋ በሁለት የሞሉ ወንዞች መካከል ቀርተናል፤ የኤረር ጤና ጣቢያ ከማዶ ነው።

ኻድራ ጎጆዋ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፋ ብሌንን አስተኛቻት። መድኃኒት አለኝ አላለችም። እርጥብ ጨርቅ እጇ ላይ ታደርጋለች፣ ውሃ በጠብታ ታጠጣታለች፣ ስታስመልስ በጎኗ ታዞራታለች፣ ሸሚዟን ከፍታ አተነፋፈሷን ታያለች። የብሌን ዓይኖች ወዲያና ወዲህ ይንቀጠቀጡ ነበር። ዳንኤል ውሃው መቀነሱን ሊያይ ይወጣል፣ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። እኔ ስለ ደቻቱ፣ ስለ ጎረቤታችን ልጅ፣ እናቴ እስከ ዛሬ ከወንዙ ዳር አልለቅም ማለቷን ለኻድራ መናገር ጀመርኩ፤ ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። እየሰማች ጨርቁን ትቀይራለች። ልጆችሽን ጊንጥ ነድፏቸው ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ትልቁን ልጄን ነድፎታል፣ አሁን ግመል ይጠብቃል አለችኝ። ያን ሌሊት የያዝኩት ይህን ቃሏን ብቻ ነው። ለኤልያስ የግመል ወተት ሰጡት፤ ጭስ ጭስ አለኝ እያለ ጠጥቶ ተኛ።

እሁድ

ሲነጋ ብሌን እንቅልፍ ላይ ነበረች። አተነፋፈሷን ደጋግሜ አዳመጥኩ። ፀሐይ ሲወጣ ዓይኗን ገልጣ እጄ ያመኛል አለች፤ ከዚያ ከጎጆው በር ላይ የቆመችውን ግልገል አይታ ስሟ ማነው ብላ ጠየቀች። ዳንኤል ወደ ውጭ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኻድራ እሳቱ ጋ ሻይ እያፈላች ነበር። ከጎኗ ተቀምጬ ላመሰግናት ስሞክር አቋረጠችኝ። ከትልቁ ልጇ ቀጥሎ ሴት ልጅ እንደነበረቻት፣ በብሌን ዕድሜ፣ እሷንም ጊንጥ እንደነደፋት ነገረችኝ። «አለች» ሳይሆን «ነበረች» ነው ያለችኝ።

«ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ትናንት ብነግርሽ ምን ታደርጊው ነበር?» አለች፤ ሻዩን ቀዳችልኝ።

እጇን ያዝኩ፤ እሷም ጥቂት አቆየችውና ስኳሩን ለማምጣት ተነሳች።

ዋይስ ገና በጠዋቱ፣ ውሃው ሲጎድል፣ ወንዙን በእግሩ ተሻግሮ ድንኳናችንን ይዞልን መጣ። አንዱ ብረቱ ተሰብሯል። ወደ ኤረር ስንሄድ በመጀመሪያው ወንዝ ላይ ከመኪናው ፊት በባዶ እግሩ እየረገጠ፣ የሚይዘውንና የማይዘውን አሸዋ በእጁ እያሳየ አሻገረን። ዳንኤል ለውለታው ሊከፍለው ሲሞክር ሳቀ፤ ስልክ ቁጥራችንን ለኻድራ ስጡልኝ አለ። ኤልያስ ቀድሞ ሰጥቷት ነበር።

ኤረር ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ብሌንን እስከ ከሰዓት አስተኝታ ተከታተለቻት። ልቧን አዳመጠች፣ ስለ ሽንቷ ጠየቀች፣ የጊንጥ መርዝ በትናንሽ ልጆች ላይ እንደሚከፋ፣ ደግነቱ ይህኛው እንዳለፈ ነገረችን። ለሌላ ጊዜ ልጅ ድንጋይ በእጁ እንዳያነሳ፣ የሚያነሳም መጀመሪያ በጫማው ገልብጦ እንዲያይ አለችን። ለመሄድ የምታስቡ ይህን ጻፉልኝ። ሐጂ በሩ ላይ ብርቱካን በፌስታል ይዘው ሲጠብቁን አገኘናቸው፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አሸዋው ላይ አደራችሁ ወይ አሉኝ። አላደርንም አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ። የቀረውን አልነገርኳቸውም።

ወደ ድሬ ስንቃረብ መሽቶ ነበር። የከተማው መብራት ሲታይ ብሌን ነቅታ ደርሰናል ወይ አለች። ባጃጆቹ ሲንጫጩ፣ አስፋልቱ ላይ ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ሲያወሩ፣ ሁሉም ነገር እንደ ተውነው ነበር። ቤት ስንደርስ ዳንኤል መኪናውን አጥፍቶ መሪውን እንደያዘ፣ «ካንቺ ጋር ተከራክሬ ረትቼ አሸዋው ላይ ተኝተን ቢሆንስ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ድንጋዩ ላይ ባልወሰድኳችሁ ጊንጡ ይነድፋት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሁለታችንም ተያይተን ተውነው። ያን ቀን የትም ብናርፍ የሚያስፈራ ነገር ነበረ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ የምሠራበት የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩን አላውቀውም። ኻድራ ነበረች፤ ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታ ላይ ወጥታ ነው፣ ነፋሱ ድምፅዋን ይወስደዋል። መጀመሪያ ብሌንን ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ኤልያስን፣ ከዚያ ዳንኤልን። ሁሉም ደህና ናቸው አልኳት።

«እናንተ ጋ፣ ተራራው ላይ በጣም ጠቁሯል» አለች። «ከዚህ ይታየኛል። እናትሽን ከወንዙ አውጫት።»

በመስኮት አየሁ። ድሬ ላይ ፀሐይ ነበር። አለቃዬን አስፈቅጄ ባጃጅ ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜዋ አልሄድም አለች። ተራራው ላይ ሆና ሳይሆን ከሩቅ በረሃ አንዲት ሴት አይታ ደወለችልኝ ብላት አላመነችኝም፤ ግን እየተጨቃጨቀች ነጠላዋን ለበሰች። አመሻሹ ላይ ደቻቱ ድምፅ እያሰማ መጣ። የወንዙን ዳር ግንብ አላለፈም፣ ማንንም አልነካም። እናቴ የእኛ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ለምን አመጣችሁኝ እያለች ራቷን ስትበላ ስልኬ እንደገና ጠራ።

«ሁላችሁም ከወንዙ በላይ ናችሁ?» አለች ኻድራ።

አንድ በአንድ አየኋቸው። አዎ፣ በላይ ነን አልኳት።